በሥራ ላይ ያለን የዲስክ ስብስብ ስለ መለወጥና ስለ ማስፋት



የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ መርጡለ ማርያም ስሟ ሲነሣ፣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያንና እስከ ዛሬ የሚታየውን የቅርጽ ድንጋይ ፍርስራሽ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን እንደዚያች ባለች የወረዳ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌትና ቀን ስለሚሠራ የዲስክ ሳጥን ነው።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተካሄደው የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በመጀመሪያ በወረቀት መዝገብ ላይ የሰፈረ ነበር፤ ገበሬውም ደብተሩን በእጁ ይዟል። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን የእያንዳንዱ ማሳ ቅርጽና ወሰን በካርታ ተለይቶ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። ስለዚህ ዛሬ የውርስ፣ የኪራይ ወይም የድንበር ክርክር ሲነሣ ማስረጃው የሚፈለገው ከዲስክ ነው። ዲስክ ደግሞ ያረጃል፤ ይበላሻል። ይህን ማንም ያውቃል። በቂ ትኩረት ያላገኘው፣ መረጃው ይበልጥ ለአደጋ የሚጋለጠው ዲስኩ በተበላሸበት ዕለት ሳይሆን፣ ባለሙያው ሊለውጠው እጁን በዘረጋበት ሰዓት መሆኑ ነው።

ሬይድ የተባለው አደረጃጀት እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ባቀረቡት ጽሑፍ የታወቀ ነው። አሳቡ ለሂሳብ ሠራተኛ እንግዳ አይደለም፤ የአራት ሰዎችን ሂሳብና የአራቱን ድምር የያዘ ሰው፣ አንዱ ቢጠፋበት ከድምሩ ቀንሶ ያገኘዋል። ሁለት ከጠፉበት ግን ድምሩ ብቻውን አይረዳውም። አምስት ዲስክ ያለው ሬይድ 5 ይኸው ነው። ሬይድ 6 ሁለት ዲስክ ቢጠፋም ይችላል።

እንግዲህ በዚያች ክፍል ባለ 4 ቴራባይት አምስት ዲስኮች በሬይድ 5 ተደራጅተዋል እንበል። አንድ ጧት ማስጠንቀቂያው «ዲስክ 3 ተበላሽቷል» ይላል። ባለሙያው ከግራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጥሮ ሦስተኛውን ይነቅላል። ሳጥኑ ግን የሚቆጥረው ከዜሮ ነበር፤ የተበላሸው አራተኛው ነው። በአንድ ቅጽበት ሁለት ዲስክ ጠፋ፤ ስብስቡም ቆመ። ዲስክን በቦታው ወይም ሥርዓተ ክወናው በሰጠው ፊደል መለየት የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፊደሉ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ሲከፈት ሊለወጥ ይችላል። አስተማማኙ በዲስኩ ላይ የታተመው የፋብሪካ መለያ ቁጥር ነው። ሳጥኑ ገና ሲተከል የእያንዳንዱ ዲስክ ቁጥር ከነማስገቢያው ተጽፎ በሳጥኑ በር ላይ ቢለጠፍ፣ ከብዙ ውድ መሣሪያ የበለጠ ያገለግላል። የአመልካች መብራቱን ከፕሮግራሙ ማብራት የሚቻል ከሆነም ሁለቱን ማመሳከር ይገባል።

ስሕተቱ ከተፈጸመስ? ዋናው ነገር አለመደንገጥ ነው። በስሕተት የተነቀለው ዲስክ መረጃው አሁንም በላዩ አለ። ጥፋቱን የሚያጸናው ቀጥሎ የሚጫነው ቁልፍ ነው፤ «እንደ አዲስ አዘጋጅ» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት፣ ወይም ቀድሞ የወደቀውን ዲስክ በግድ ወደ ሥራ መመለስ። ያ ዲስክ የያዘው አሮጌ መረጃ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር ሲቀላቀል ስብስቡን ያበላሻል። የዲስኮቹን ቅደም ተከተል መዝግቦ፣ ምንም ሳይጽፉ፣ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይሻላል።

ትክክለኛው ዲስክ ቢታወቅም ከመነቀሉ በፊት የቀሪዎቹ ጤንነት ይመርመር። አዲሱን ዲስክ መልሶ ለመሙላት ቀሪዎቹ አራት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባሉ፤ ይህም 16 ቴራባይት ነው። ለተራ ዲስኮች አምራቾች የሚሰጡት ዋስትና በ12.5 ቴራባይት ንባብ አንድ የማይታረም ስሕተት ሊያጋጥም እንደሚችል የሚገልጽ ነው። በተግባር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን የሰውን ርስት በ«ብዙ ጊዜ» ላይ ማሳረፍ አይገባም። ሥራውም በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሄድ እንኳ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ መጠባበቂያ ቅጂው አስቀድሞ በሌላ ቦታ መኖሩ ብቻ ሳይሆን፣ ከቅጂው ጥቂት ፋይሎች ወጥተው መከፈታቸው መረጋገጥ አለበት። ሬይድ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ በስሕተት የተሰረዘውን ማሳ በሁሉም ዲስክ ላይ እኩል ይሰርዘዋል። ባዶ ማስገቢያ ካለና ሥርዓቱ ከፈቀደ፣ እየደከመ ያለውን ዲስክ ሳይነቅሉ አዲሱን ከጎኑ ከትቶ መተካት ከሁሉ የተሻለ ነው።

አዲሱ ዲስክ ከቀድሞው ማነስ የለበትም፤ በስያሜ እኩል ሆኖ በጥቂት ክፍልፋዮች የሚያንስ ዲስክ ተቀባይነት አያገኝም። መስመሮቻቸው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው የሚጻፉ ዲስኮችም አሉ። እነዚህ በረጅም ጽሑፍ ጊዜ እጅግ ስለሚዘገዩ ለስብስብ አይሆኑም። በሚነቀልበት ጊዜ ዲስኩን ጥቂት ስቦ፣ ሳህኑ መሽከርከሩን እስኪያቆም ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ፤ በበጋው ደረቅ አየርም አስቀድሞ መሬት የተያያዘ ብረት መንካት ያስፈልጋል።

ስለ ደጋው ሁለት ቃል ይጨመር። የዲስኩ ማንበቢያ ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ አምራቾች የሥራውን ከፍታ በ3,048 ሜትር ይገድባሉ። መርጡለ ማርያም ከ2,500 ሜትር በላይ ብትሆንም ከወሰኑ በታች ናት፤ ጮቄ ተራራ ላይ ግን ተራ ዲስክ አይተከልም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የወጡት ሂሊየም ተሞልተው የታሸጉ ዲስኮች በአየሩ መሳሳት እምብዛም አይነኩም። ማቀዝቀዣው ግን ይነካል። ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ስለሚያንስ፣ የዘርፉ መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የክፍሉን የሙቀት ጣሪያ በ1 ዲግሪ ዝቅ ያደርጋል። በ2,500 ሜትር ላይ ይህ 5 ዲግሪ ያህል ነው፤ ደጋ ቀዝቃዛ ነው ተብሎ የተዘጋ ክፍል የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ዲስክ መጨመር ከመለወጥ ይልቅ ይከብዳል። የተቀመጠው ሁሉ እንደገና ስለሚደላደል፣ መካከል ላይ መብራት መጥፋቱ አደገኛ ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ፣ ከተቻለም ጄኔሬተር ተዘጋጅቶ ሊጀመር ይገባል። በዜድኤፍኤስ ሥርዓት ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። አንድን ዲስክ ወደ ነባሩ ቡድን ማስገባት ሲታሰብ፣ ብቻውን የቆመ ቡድን አድርጎ የሚጨምር ትእዛዝ በስሕተት ከተሰጠ፣ ያ አንድ ዲስክ የወደቀ ዕለት የጠቅላላው መረጃ ዕጣ አብሮ ይወድቃል። ነባሩን የሬይድዜድ ቡድን በአንድ ዲስክ ማስፋት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በወጣው እትም ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተተከሉ ሳጥኖች ያሏቸው ባልደረቦች የእትሙን ቁጥር አስቀድመው ይመልከቱ።

ትርፍ ዲስክ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር እስኪላክ ስብስቡ ያለ ዋስትና ስለሚሠራ፣ ግዢው ዲስኩ ከተበላሸ በኋላ መጀመር የለበትም፤ ቢያንስ አንድ ዲስክ ተፈትሾ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። የተነቀለው ዲስክም ቀኑና መለያ ቁጥሩ ተጽፎበት፣ አዲሱ ሞልቶ ሙሉ ፍተሻ እስኪያልፍ ድረስ ተቆልፎ ይቆያል። ከዚያ በኋላም የገበሬዎች ስምና ይዞታ በላዩ ስላለ ለቁራሊዮ አይሰጥም፤ ሳህኑ በመሰርሰሪያ ተበስቶ፣ መወገዱ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ይወጣል።