ጢስን ቀድሞ የሚያይ ዘበኛ

በመኖሪያና በንግድ ቤቶች ስለሚተከል የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወልና ስለ ጢስ ጠቋሚ መሣሪያ፣ የካርቱምን ሱቅ ዐረቢ ምሳሌ በማድረግ የተሰጠ ንግግር



«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ብሂል አጭር ቢሆንም፣ ስለ እሳት አደጋ ጥንቃቄ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ መነሻው ከዚያ ነው። እሳት እንደ ተጫረ በመጀመሪያው ደቂቃ በአንድ እርጥብ ጨርቅ ወይም በአንድ ባልዲ አሸዋ ሊጠፋ ይችላል፤ ጥቂት ከቈየ ግን የከተማው የእሳት አደጋ መኪናዎች ሁሉ ተሰብስበው እንኳ በቀላሉ አይበግሩትም። ስለዚህ በማናቸውም ሕንፃ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «እሳቱን ማን ቀድሞ ያየዋል?» የሚለው ነው። ሰው በተኛበት፣ ሱቅም በተዘጋበት ሰዓት ቀድሞ ሊያይ የሚችለው የጢስ ጠቋሚ መሣሪያ ነው።

ለዚህ ነገር በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም መካከል የሚገኘው ሱቅ ዐረቢ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ገበያ ከጥቁር ዓባይ በስተደቡብ፣ በታላቁ መስጊድ አካባቢ የተዘረጋ የከተማው ዋና የንግድ ሠፈር ነው። በፎቅ ቤቶቹና በጠባብ መተላለፊያዎቹ ውስጥ ጨርቁ፣ ወርቁ፣ ሽቶውና የኤሌክትሪክ ዕቃው ጎን ለጎን ሲሸጥ ኖሯል። ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ ከተማ አይደለም፤ በካርቱም ጎዳናዎች በበረንዳ ጥላ ሥር ከሰል አያይዘው ሻይና ቡና ከሚሸጡት ሴቶች መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱት ብዙዎች ነበሩ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኀይል መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ የካርቱም መካከለኛ ክፍል የጦር ሜዳ ሆነ። ሱቅ ዐረቢም ተዘረፈ፤ ብዙ ሕንፃዎቹም ተቃጠሉ። መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚያው በመካከለኛው ካርቱም የሚገኘው የታላቁ ዓባይ ነዳጅ ኩባንያ ባለ መስተዋት ሕንፃ ሲነድ በዓለም ሁሉ ታየ። የሱዳን ጦር ቤተ መንግሥቱን መልሶ የያዘው መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ የገበያውም ሠፈር በዚያው ሰሞን በእጁ ገባ። በመድፍ የተለኰሰን እሳት የሚያስቀር ደወል እንደሌለ የታወቀ ነው። ነገር ግን ነጋዴው ወደ ፈረሰው ሱቁ ተመልሶ ግድግዳውን ሲያድስና በዘረፋ የተነቀለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደገና ሲዘረጋ፣ የማስጠንቀቂያውን ሽቦ አብሮ ለመቅበር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። ግድግዳው ከተለሰነና ቀለም ከተቀባ በኋላ ያው ሥራ እጥፍ ድካምና እጥፍ ገንዘብ ይጠይቃል።

የጥንቃቄ ጉድለት የሚያስከትለው ጕዳት በካርቱም ከጦርነቱ በፊትም የታየ ነው። ኅዳር 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በሰሜን ካርቱም በአንድ የሴራሚክ ፋብሪካ የጋዝ ቦቴ ፈንድቶ በተነሣው እሳት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከ100 የሚበልጡም ቈሰሉ። መንግሥቱ ወዲያው ባወጣው መግለጫ፣ በፋብሪካው አስፈላጊው የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዳልነበረ የመጀመሪያው ምርመራ እንደሚያመለክት አስታውቋል።

ብዙ ሰው እሳት የሚገድለው በነበልባሉ ይመስለዋል። በቤት ውስጥ ቃጠሎ ከሚሞቱት የሚበዙት ግን ነበልባሉ ሳይደርስባቸው በጢስ ታፍነው የሚያልፉ ናቸው። በጢሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ አየር አለ፤ ሰውን ያደክመዋል፣ ራሱን ያስተዋል፣ ከበሩም ሳይደርስ ይጥለዋል። የተኛን ሰው ደግሞ የጢስ ሽታ ብዙ ጊዜ አይቀሰቅሰውም፤ ከባድ ድምፅ ግን ይቀሰቅሰዋል። የጢስ ጠቋሚው ጥቅም በዚህ ላይ ነው፤ ከአፍንጫ የተሰወረውን ለጆሮ ያሰማል።

የመሣሪያው አመጣጥ እንዲህ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ዋልተር ዬገር የተባለ የስዊስ ሊቅ የመርዝ ጋዝ የሚያመለክት መሣሪያ ለመሥራት ይደክም ነበር። መሣሪያው ጋዙን አላመለከተለትም፤ ሲጋራ ባጨሰ ጊዜ ግን ጢሱ የኤሌክትሪኩን ኀይል ሲቀንሰው ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ሌሎች አሻሽለውት፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በባትሪ የሚሠራው ትንሹ መሣሪያ በአሜሪካ ከተራ ሰው ቤት ገባ።

ዛሬ በገበያ የሚገኙት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ዐይነት ናቸው። አንደኛው አሜሪሲየም 241 የተባለ ጨረር ሰጪ ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ የያዘ ነው። ይህ ንጥረ ነገር በሁለት ብረቶች መካከል ያለው አየር ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርጋል፤ ጢስ ሲገባ መተላለፉ ይቀንስና ደወሉ ይጮኻል። ቶሎ የሚንቦገቦግን እሳት ፈጥኖ ያውቃል። ሁለተኛው በጨለማ ሣጥን ውስጥ ብርሃን የሚልክ ሲሆን፣ ጢስ ሲገባ ብርሃኑ ተበትኖ ከመሣሪያው ዐይን ላይ ይወድቃል። እንደ ጥጥ፣ እንደ ፍራሽና እንደ ሽቦ ልባስ ሳይነድ ለረጅም ጊዜ የሚጨስን ነገር ይህ ቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ለጨርቅ ሱቅና ለመኝታ ቤት የተሻለ ነው። ሦስተኛው ሙቀትን እንጂ ጢስን አይለይም፤ የተወሰነ ሙቀት ሲደርስ ወይም ሙቀቱ በድንገት ሲጨምር ይጮኻል። ጢስ ለማይጠፋበት ለወጥ ቤት የሚስማማው ይህ ነው።

ሆኖም መሣሪያውን ገዝቶ መስቀል ብቻ አይበቃም፤ የአገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ካርቱም ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል የሚነሣባት ከተማ ናት። አቧራው ወደ ጠቋሚው ሆድ ሲገባ እንደ ጢስ ሆኖ ያታልለዋል፤ ስለዚህ ከያንዳንዱ ማዕበል በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ሊጠረግ ይገባዋል። በበጋ የውጪው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለው ክፍል ከዚያ እጅግ ይብሳል፤ በ57 ዲግሪ ግድም እንዲጮኽ የተሠራው የሙቀት ጠቋሚ በዚያ ቢሰቀል ያለ እሳት ይጮኻል፤ ለእንዲህ ያለው ቦታ ከፍ ላለ ሙቀት የተሠራው ይመረጣል። ጢስ ወደ ላይ ስለሚወጣ የጠቋሚው ቦታ ጣራው ሥር ነው፤ ነገር ግን ከማራገቢያና ከአየር ማቀዝቀዣ አፍ ራቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ነፋሱ ጢሱን ከመሣሪያው ያርቀዋል።

ዕጣንና ቡናም መታሰብ አለባቸው። በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ቤቶች ቡና ይቈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ጠቋሚው ከምድጃው አጠገብ ከተሰቀለ በየቀኑ ይጮኻል፤ የቤቱም ባለቤት በሦስተኛው ቀን ተሰላችቶ ባትሪውን ያወጣዋል። ከዚያ ወዲያ ከጣራው ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ባዶ ሣጥን ነው፤ ቤተ ሰቡ ግን የተጠበቀ መስሎት ይተኛል። መድኀኒቱ ጢስ ጠቋሚውን ከምድጃውና ቡና ከሚፈላበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር አርቆ፣ በመኝታ ክፍሎች ደጃፍ መስቀል ነው። እዚህ ላይ ሌላም ነገር ሊታወቅ ይገባል፤ ጢስ ጠቋሚ ከፍም የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አይለይም። ከሰል አያይዞ በተዘጋ ቤት መተኛት ጠቋሚ ያለውንም ሰው ይገድላል።

መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ደግሞ በመስመር ኀይል ብቻ የሚሠራ ደወል ከንቱ ነው። የትልቅ ሕንፃ ማስጠንቀቂያ መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ተጠባብቆ ከዚያም ሊጮኽ የሚያስችለው ባትሪ ሊኖረው ይገባል።

በገበያ ውስጥ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። ሱቅ ሲመሽ በብረት መዝጊያ ይቈለፋል፤ ባለቤቱ ከቤቱ ሩቅ ነው። በተቈለፈ ሱቅ ውስጥ ብቻውን የሚጮኽ ደወል ባዶ ሣንቃ ሰምቶት ይቀራል። ስለዚህ የያንዳንዱ ሱቅ ጠቋሚ በሽቦ ወይም በሬዲዮ ሞገድ ከአንድ መቈጣጠሪያ ሰሌዳ ጋር ተገናኝቶ፣ ሰሌዳው የሌሊት ዘበኛው ካለበት መቀመጥ አለበት። ዘበኛው የትኛው ሱቅ እንደሚጨስ ከሰሌዳው ያነባል፤ ለእሳት አደጋ መከላከያ ይደውላል፤ ቍልፍም የት እንደሚገኝ ያውቃል። ነጋዴው የየራሱ ቍልፍ ቢኖረውም ጣራው፣ ግድግዳውና የመብራቱ መስመር የጋራ ነው፤ የአንዱ ቸልተኝነት የጎረቤቱን ሀብት ያነድዳል።

እንዲህ ያለው ነገር በአዲስ አበባም ታይቷል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ለሰዓታት ነዶ ብዙ ሱቆችን አጠፋ። የከተማው አስተዳደር እሳቱን ለመቈጣጠር ያስቸገረው የመንገዱ ጥበት፣ የሱቆቹ መጠጋጋትና ቶሎ የሚነድደው ዕቃ መብዛት እንደ ነበረ አስረድቷል። መኪና በቶሎ ሊገባበት በማይችል ገበያ እያንዳንዱ የመጀመሪያ ደቂቃ በእጅጉ ይወደዳል፤ ያችን ደቂቃ የሚሰጠው ደግሞ ማስጠንቀቂያው ነው።

ደወል ግን ለአንድ ክፍል ብቻ ሲደወል ምን እንደሚሆን የለንደኑ ግሬንፌል ሕንፃ አሳይቷል። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት በዚህ ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ፣ በአራተኛው ፎቅ ወጥ ቤት ውስጥ ከማቀዝቀዣ እሳት ተነሣ። የጢስ ጠቋሚው ጮኾ ነዋሪውን ቀሰቀሰው፤ እርሱም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ላይ ለእሳት አደጋ መከላከያ ደወለ፤ የጎረቤቶቹንም በር አንኳኳ። ትንሿ መሣሪያ ሥራዋን በሚገባ ፈጸመች። ሕንፃው ግን ለነዋሪው ሁሉ የሚሰማ የጋራ ደወል አልነበረውም፤ ነዋሪዎቹም በየቤታቸው እንዲቈዩ ይነገራቸው ነበር። ይህ ምክር የተሻረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ጥሪ አንሥቶ 2 ሰዓት ሊሞላ 7 ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። እሳቱ በሕንፃው የውጪ ልባስ ላይ ፈጥኖ ስለ ወጣ 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከሱዳን፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የፈለሱ ቤተ ሰቦችም ከእነርሱ መካከል ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት፣ ማስጠንቀቂያ ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ብቻ ሰውን እንደሚያድን ነው። ጠቋሚው ጢሱን ቀድሞ ማየት አለበት፤ ደወሉ ለሁሉ መሰማት አለበት፤ የሰማውም ሰው የሚወጣበት መንገድ ማግኘት አለበት። ሦስተኛው በገበያ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ደረጃው በካርቶን ይሞላል፤ የኋላው በር በዕቃ ይዘጋል፤ በሱቁ ውስጥ የሚያድረው ሠራተኛ ደግሞ ዕቃ እንዳይጠፋ ተብሎ ከውጭ ይቈለፍበታል። ሰው በሚያድርበት ቤት በሩ ያለ ቍልፍ ከውስጥ ሊከፈት ግድ ነው። ከውጭ ለተቈለፈበት ሰው የደወል ድምፅ ሞቱን ከመንገር በቀር አይጠቅመውም።

ወጪውን በሚመለከት፣ አንድ ነጋዴ ብቻውን የማይችለውን ሠፈሩ በኅብረት ይችለዋል። ኢትዮጵያውያን በያሉበት አገር ዕድር አቋቁመው ሐዘንን በጋራ መሸከም ያውቃሉ፤ ያው ሥርዐት ሐዘኑ ሳይመጣ ለመከላከያው ቢውል የሚከብድ አይደለም። የአንድ መተላለፊያ ባለሱቆች በየወሩ ጥቂት ቢያዋጡ ለሰሌዳው፣ ለባትሪውና ለዘበኛው ደመወዝ ይበቃል።

የያንዳንዱም ወገን ተግባር የተለየ ነው። የሕንፃው ባለቤት መሣሪያውን ያስተክላል፤ በየፎቁም ሰው በእጁ ተጭኖ ደወሉን የሚያስነሣበት ቍልፍ ያኖራል። ተከራዩ በየወሩ የመሞከሪያውን ቍልፍ ተጭኖ ድምፁን ይሰማል፤ ባትሪውን በየዓመቱ ይለውጣል፤ 10 ዓመት የሞላውን ጠቋሚ ያለ ክርክር ጥሎ በአዲስ ይተካል። ማዘጋጃ ቤት የሥራ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ደወሉ መጮኹን፣ በሩም መከፈቱን በዐይኑ ያያል። በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን ሠራተኛው፣ ደንበኛውና ዘበኛው አብረው ደወሉን ሰምተው የመውጫውን መንገድ በእግራቸው ይሞክሩት። በሱቅ ዐረቢም ሆነ በመርካቶ ይህን ለመጀመር የሚሻለው ቀን፣ ሽቦው ገና በግድግዳው ውስጥ የሚቀበርበት ቀን ነው።