ከደመወዝ ወደ ዓጽማይነት፦ ከመፈረማችሁ በፊት

ዛሬ የምንነጋገረው የወር ደመወዝን ትቶ ዓጽማይ ሆኖ ስለ መሥራት ነው።

በራስ መሥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደር አባቶቻችን ከእርሻው ጎን ማረሻ ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሸምኑ ነበር፤ እናቶቻችንም ሸክላ ሠርተው ገበያ ያወጡ ነበር። ስለዚህ ሙያ ያለው ሰው በራሴ ልደር ቢል የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን አሳቡ ከማን እንደ መጣ መለየት ያስፈልጋል። ከሠራተኛው የመጣ እንደ ሆነ መልካም ነው። ከአሠሪው የመጣ እንደ ሆነ ግን ቆም ብሎ መመርመር ይገባል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ቀለም ቀቢ በወር 9,000 ሸቅል ብሩቶ ያገኛል እንበል። አሠሪው ጠርቶ፦ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ትሉሽ የለም፤ ዓጽማይ ሁንና ሄሽቦኒት አምጣልኝ፤ ማአምን ጨምሮ 11,000 እከፍልሃለሁ» ይለዋል። ሰውየው 2,000 ሸቅል ያተረፈ ይመስለዋል። እስቲ እንቁጠር።

11,000 በ12 ወር 132,000 ይሆናል። ኦሴክ ፓቱር ሆኖ ማአም ሳይሰበስቡ ለመሥራት የተፈቀደው የዓመት ገቢ በ2025 እስከ 120,000 ሸቅል ነበር። ስለዚህ ሰውየው ኦሴክ ሙርሼ መሆን አለበት። ማአም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ በመሆኑ፣ ከ11,000 ውስጥ 1,678 ሸቅል የመንግሥት ነው፤ ለእርሱ የሚቀረው 9,322 ነው። ቀድሞ አሠሪው በሕግ ቢያንስ 6.5 በመቶ ለፔንሲያ፣ 6 በመቶ ለፒጹዪም ያስገባለት ነበር፤ ይህ 1,125 ሸቅል ነው። በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ ሰው ቢያንስ የ12 ቀን የዓመት ዕረፍት ይከፈለው ነበር፤ ይህም በወር 400 ሸቅል ያህል ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ ገቢው ወደ 7,800 ይወርዳል። የሕመም ቀን፣ የሃቭራአና የመጓጓዣ ገንዘብ ገና አልተቆጠረም። አተረፍሁ ያለው ሰው በወር 1,200 ሸቅል ከስሯል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሥራ የጠፋ ዕለት ነው። ቢቱዋህ ሌኡሚ ለደመወዝተኛ የሚሰጠውን የሥራ አጥነት ገንዘብ ለዓጽማይ አይሰጥም። ከመሰላል ቢወድቅም፣ ከአደጋው በፊት ዓጽማይ ተብሎ ካልተመዘገበ የሥራ አደጋ ካሳ ሊከለከል ይችላል።

አንባቢያን ሆይ፣ ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት አትፈርሙ። በ1963 በወጣው ሕግ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ሲባረር ለያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ፒጹዪም ይገባዋል፤ በፈቃዱ የለቀቀ ግን ይህን መብት ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዕብራይስጡ የከበዳችሁ ወረቀቱን ለልጅ ብቻ አታስነብቡ፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ይየው። ሦስተኛ፣ ስም ብቻውን እንደማይወስን እወቁ። የሥራ ፍርድ ቤት የሚመረምረው ሥራውን የሚያዘው ማን እንደ ሆነ፣ መሣሪያው የማን እንደ ሆነ፣ ሰውየው ሌላ ደንበኛ እንዳለው ነው። ሄሽቦኒት የሚያመጣ ሰውም ሠራተኛ ነው ተብሎ ሊፈረድለት ይችላል። ስለዚህ የሥራ ሰዓታችሁንና የአሠሪውን መልእክቶች ጠብቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና።

በፈቃዳችሁ ዓጽማይ ለመሆን የቆረጣችሁ ደግሞ፣ ሥራ ሳትጀምሩ በማአም፣ በማስ ሃክናሳና በቢቱዋህ ሌኡሚ ፋይል ክፈቱ። ከ2017 ጀምሮ ዓጽማይም ለራሱ ፔንሲያ የማስገባት ግዴታ አለበት። የማአሙን ገንዘብ ከቤት ወጪ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የእናንተ አይደለምና። በአንድ ደንበኛ ብቻ አትንጠልጠሉ። የክፍያውን ቀን በጽሑፍ አስፍሩ። ምክር ለሚሻ የማኦፍ ማዕከሎች ለትንንሽ ንግዶች የተቋቋሙ ናቸው።

በራሱ የሚሠራ ሰው ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ግን ከደመወዙ ጋር ምን ምን እንደሚቀርበት አንድ በአንድ ይቁጠር። ቸር ይግጠመን።