ብረትን በብርሃን ማንኳኳት



እኛ ዘማቾቹ ከከፊራ ገበያ ሳናንኳኳ የገዛነው እንስራ በማግስቱ ውኃችንን አፍስሶት አደረ። እናቶች ሳቁብን፤ ከዚያም አስተማሩን። ደህና እንስራ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይሻክራል። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮ ያገኘዋል ማለት ነው። የባቡር ሠራተኞችም በየአገሩ መንኮራኩሩን በመዶሻ እየመቱ ሲያዳምጡ ኖረዋል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ነው። ሐዲድ ከባድ ጭነት ሲመላለስበት በላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም። በ2000 በእንግሊዝ አገር፣ ሃትፊልድ በተባለ ስፍራ፣ እንዲህ የተሰነጣጠቀ ሐዲድ ባቡር ሲያልፍበት ተሰባበረ። 4 ሰዎች ሞቱ፤ ከ70 በላይ ቆሰሉ።

ታዲያ ይህን ቀጭን ስንጥቅ እንዴት እናግኘው? አንዱ ዘዴ ያው ማንኳኳት ነው፤ የሚያንኳኳው ግን ብርሃን ነው።

በ1960 በአሜሪካ የተሠራ ሌዘር የሚባል መሣሪያ አለ። ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ አጥብቆ ይልካል። ብርሃኑ ብልጭ ብሎ ብረቱን ሲነካ ያቺ ነጥብ በድንገት ትሞቃለች። የሞቀ ብረት ደግሞ ይለጠጣል። በዚህ ጊዜ ኩሬ ውስጥ ጠጠር እንደ ጣልን ሁሉ፣ ሞገድ በብረቱ ገጽ ላይ ይሮጣል። ሰው በእግሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚሄደውን 3000 ሜትር ያህል መንገድ በአንድ ሰከንድ ይጨርሳል። ሞገዱ ድምፅ ነው፤ ነገር ግን በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ስለሚርገበገብ ጆሯችን አይሰማውም።

ማን ይሰማዋል? ሌላ የሌዘር ብርሃን ነዋ! ብረቱ ላይ አርፎ ሲመለስ የገጹን መንቀጥቀጥ ይዞ ይመጣል፤ መሣሪያው ያነበዋል። ስንጥቅ ካለ ከሞገዱ ከፊሉ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ስንጥቁ የት እንዳለ ይነግረናል። ብረቱን መንካት ስለማያስፈልግ የጋለ ብረት እንኳ ይመረመራል።

መሣሪያው ውድ ስለሆነ በየስፍራው አይገኝም። ዓይንና ጆሮ ግን ሁላችንም አለን። እንስራ ቢሰነጠቅ የሚፈሰው ውኃ ነው፤ ሐዲድ ቢሰነጠቅ የሚፈሰው የሰው ደም ነው። ስለዚህ በሐዲድ አጠገብ ስታልፉ የተሰበረ ወይም የላላ ነገር ካያችሁ ለጣቢያው ፈጥናችሁ ንገሩ።