በመክሳት የደከመ ሰውነት ለወታደርነት ፈተና እንዴት እንደሚጠነክር
(ለከተማ ነዋሪዎችና ለሹማምንት የተነገረ ቃል)



ወታደር ለመሆን የሚፈልግ ወጣት በመልማዮችና በሐኪም ፊት ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ ሚዛን ላይ ይወጣል። ሚዛኑ የሚናገረው ግን ሰውየው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ብቻ ነው እንጂ ስንት ኪሎ ተሸክሞ ስንት መንገድ ሊሄድ እንደሚችል አይደለም። በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በስደት ክፉኛ ከስቶ የነበረ ሰው ጉንጩ ሲሞላና ልብሱ ሲጠበው ድኗል ይባላል፤ ዘመዶቹም ደስ ብሏቸው ወደ ምልመላው ይሰዱታል። የዚህ ንግግር ዋና ነገር የሚከተለው ነው፦ የጠፋ ክብደት ቀድሞ ይመለሳል፤ የጠፋ ጉልበት ግን በወራት ልፋት ካልሆነ አይመለስም። ይህን ልዩነት ያላወቀ ወጣት በፈተናው ይወድቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ከመውደቅ የባሰ ጉዳት ያገኘዋል።

የሐርጌሳ ሕዝብ መክሳትን ከመጽሐፍ የተማረው አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ከተማይቱ በአውሮፕላንና በመድፍ በተደበደበች ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። በጅጅጋ አቅራቢያ በሐርተሼክ ሜዳ የቆመው የስደተኞች ሰፈር በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ ሰፈሮች አንዱ ነበር፤ ውኃው ከሩቅ በመኪና ይመላለስ ነበር፤ ሰፈሩም የተዘጋው በ2004 ነው። ሕዝቡ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1993 በቦረማ ጉባኤ መሐመድ ኢብራሂም ኤጋል በተመረጡ ጊዜ፣ ከፊታቸው ከቆሙት ሥራዎች አንዱ የየጎሣውን ታጣቂ ወደ መደበኛ ሠራዊትና ወደ ፖሊስ ማግባት ነበር። ከዚያም ወዲህ በ2016 እና በ2017 የደረሰው ድርቅ መንጋውን ፈጀ፤ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስም በአፍሪቃ ቀንድ ዝናብ አምስት ወቅቶችን በተከታታይ አጓደለ። ከብቱ ያለቀበት የአርብቶ አደር ልጅ ወደ ከተማ ዳርቻ ሲገባ፣ የወታደር ደመወዝ ለእርሱና ለታናናሾቹ እንጀራ ነው። ስለዚህ የፈተናው ነገር የአንድ ወጣት ክብር ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ ነው።

የከሳ ሰውነት ምን እንደሚያጣ በጥንቃቄ የተመረመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ነው። በአሜሪካን አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉት የሳይንስ ሰው፣ ስለ ሕሊናቸው መሣሪያ አናነሣም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በግማሽ ምግብ ያህል አኖሯቸው። ወጣቶቹ በየሳምንቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይጓዙ ነበር። በመጨረሻው ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ የልባቸው ምት ዘገየ፤ ክንዳቸው ደከመ፤ ደረጃ መውጣት እንኳ ጭንቅ ሆነባቸው። ከዚያ በኋላ ለ12 ሳምንት ምግባቸው ቢጨመርም ጉልበታቸው ወደ ቀድሞው አልደረሰም። እንደ ልባቸው መብላት በጀመሩ ጊዜም በቶሎ የተመለሰው ስቡ ነበር፤ ጡንቻው ወደ ኋላ ቀረ። በ1950 ታትሞ የወጣው መጽሐፋቸው ያስተማረው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ እንዲሁም ያለ በቂ ምግብ የቫይታሚን ኪኒን ብቻውን ሰውን እንደማያነሣ አስረድቷል።

በራሱ ፈቃድ የቀነሰም ሰው ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በከተማ ኑሮ ወፍሮ፣ የስኳር በሽታም አስፈርቶት ሃያና ሠላሳ ኪሎ ያወረደ ወጣት፣ ምግብ በመቀነስ ብቻ ከሆነ የቀነሰው፣ ካወረደው ክብደት ሩብ ያህሉ ስብ ሳይሆን ጡንቻና የመሳሰለው ሊሆን ይችላል። ሲሮጥ ቀለል ይለዋል፤ ጓደኛውን በትከሻው ተሸክሞ እንዲሄድ ቢታዘዝ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል።

እንግዲህ መንገዱ በሦስት ደረጃ ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ምክንያቱን ማወቅ ነው። ያለ ታወቀ ምክንያት የከሳ ሰው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ቤት ሄዶ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ማነስ ይመርመር። የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሳሉ ስለ ቆመና ክብደቱ ስለ ተመለሰ ብቻ መድኃኒቱን ማቋረጥ በሽታውን ማሳደር ነው። ለሶማሌ ሕዝብ ይህን በማስተማር የታወቁት ኢጣሊያዊቷ አናሌና ቶኔሊ በቦረማ የነቀርሳ ሐኪም ቤት አቋቁመው ሲያገለግሉ ቆይተው በ2003 በዚያው ተገደሉ። ሥራቸው በሽተኛው መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ቀን፣ በሌላ ሰው ፊት እንዲውጥ በማድረግ ላይ የቆመ ነበር። ለወታደርነት የሚዘጋጅ ወጣትም ሕክምናውን ጨርሶ ከሐኪሙ ፈቃድ ይቀበል።

ሁለተኛው ደረጃ ምግብ ነው፤ በዚህም ውስጥ የማይታይ አደጋ አለ። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 15 እጅ በላይ ሳይፈልግ ያጣ፣ ወይም ከ10 ቀን በላይ እምብዛም ሳይበላ የቆየ ሰው በአንድ ጊዜ አብዝቶ ቢመገብ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በድንገት ሊወርድና ልቡ ሊታወክ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም እያየው በትንሽ በትንሹ ይጀምር። የእናት ርኅራኄ የተራበ ልጇን በአንድ ማዕድ ልታጠግበው ትወዳለች፤ ነገር ግን ርኅራኄ ልክ ያስፈልገዋል።

ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ምግቡ መብዛት አለበት። ጡንቻውን ለማሳደግ ለሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት ይህ ወደ 96 ግራም ይደርሳል። በሐርጌሳ ገበያ ይህን ለማግኘት ባዕድ ዱቄት መግዛት አያሻም። አንድ ሊትር የግመል ወተት 30 ግራም ያህል ይሰጣል፤ አንድ ዕንቁላል 6 ግራም ያህል፤ መቶ ግራም የበሰለ ሥጋ 25 ግራም ያህል። ባቄላና አደንጓሬ ርካሽ ናቸው። ላሖሕ የሚባለው የሶማሌ እንጀራ፣ ሩዝና ተምር ለሩጫው ኃይል ይሆናሉ፤ በቅቤ ተጠብሶ የሚቀመጠው ሙቅመድ የተባለው የደረቀ ሥጋም ለመንገደኛ የታወቀ ስንቅ ነው። ሻይ ከምግብ ጋራ ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይቀበለው ስለሚያግድ፣ ደሙ ያነሰ ሰው ሻዩን ከበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጣው።

ስለ ጫትም መናገር ግድ ይላል። ከአወዳይ በየቀኑ በመኪና እየተጫነ ወደ ሐርጌሳ የሚገባው ቅጠል የምግብን ፍላጎት ይዘጋል፤ እንቅልፍንም ያባርራል። ጡንቻ የሚገነባው በምግብና በእንቅልፍ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው ጧት የሠራውን ማታ ያፈርሰዋል ማለት ነው። ደግሞም የቅጠሉ ዋጋ የወተቱንና የዕንቁላሉን ዋጋ ይወስዳል።

ሦስተኛው ደረጃ ልምምድ ነው። በብዙ አገሮች የወታደር ፈተና ሩጫን፣ በእጅ ተደግፎ ከመሬት መነሣትንና ሸክምን ያጠቃልላል፤ የአሜሪካን ጦር በ2025 ያወጣው ፈተና ለምሳሌ አምስት ክፍል ሲኖረው፣ ክብደት ከመሬት ማንሣት መጀመሪያው፣ የ3.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ መጨረሻው ነው። የከሳ ሰው ከሩጫው አይጀምር። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በእግሩ ይሂድ፤ በሳምንት ሦስት ቀንም፣ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እያረፈ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣትን፣ ግድግዳ ተደግፎ ክንድን ማጠፍና መዘርጋትን፣ ቀላል ሸክም ማንሣትን ይለማመድ። በየቤቱ ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከማናቸውም ብረት የሚሻል መሣሪያ ነው፤ አምስት ሊትር ውኃ ሲጨመርበት አምስት ኪሎ፣ ሲሞላ ሃያ ኪሎ ይሆናልና ሸክሙን በልክ ለመጨመር ይመቻል።

ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ግድግዳው ቀርቶ በመሬት ላይ ይሥራ፤ በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን ይዞ መቶ እርምጃ ይሂድ፤ ከእግር ጉዞውም መካከል አጭር አጭር ሩጫ ያስገባ። ሰፊው የወንዝ አሸዋና በከተማይቱ ዳርቻ የሚታዩት የናሳ ሐብሎድ መንታ ኮረብታዎች ያለ ክፍያ የተሰጡ የልምምድ ሜዳዎች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርታት የሚጨምረው ነርቭ ጡንቻውን ማዘዝ ስለሚለምድ ነው፤ ጡንቻው ራሱ በዓይን እስኪታይ ግን ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ወጣቱ በሦስተኛው ሳምንት መስተዋት አይቶ ተስፋ አይቁረጥ፤ ደግሞም በርትቻለሁ ብሎ ሸክሙን በአንድ ቀን እጥፍ አያድርግ። አጥንትም በመክሳት ስለሚሳሳ፣ በቅልጥም ወይም በእግር መዳፍ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሰማ፣ ሲረግጡበትም የሚብስ ሕመም የስንጥቅ ምልክት ሊሆን ይችላልና ሩጫውን አቁሞ ሐኪም ያማክር። ሐርጌሳ ከባሕር በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች አየሯ ቀላል ነው፤ በበርበራ ሜዳ የሚፈተን ግን ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል።

በዚህ ላይ የአበበ ቢቂላ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። የክብር ዘበኛው ወታደር በ1964 በቶኪዮ የማራቶን ውድድር ሊደረግ ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት በትርፍ አንጀት ሕመም ተቀዶ ሳለ፣ ጥቅምት 21 ቀን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። እርሱ ከቀዶ ጥገና ተነሥቶ ከሮጠ ሌላው ስለ ምን ወራት ይጠብቃል? የሚል ወጣት ይኖራል። መልሱ ግልጽ ነው። አበበ በኦኒ ኒስካነን አሠልጣኝነት ለዓመታት ያከማቸው ጉልበት ነበረው፤ ሕመሙም ጥቂት ሳምንት ወሰደበት እንጂ ጡንቻውን ለወራት አልበላውም። የሞላ ጎተራ አንድ ቁና ቢጎድልበት አይታወቅም፤ ባዶው ጎተራ ግን እንደ ገና ከዘር መጀመር አለበት።

ለሹማምንትም የሚገባ ድርሻ አለ። የፈተናው ዓይነትና ቀን ቢያንስ ከ12 ሳምንት በፊት በየቀበሌው ቢነገር፣ ድሀው ከሀብታሙ እኩል ይዘጋጃል። የሐኪም ምርመራው ከሩጫው በፊት ቢሆን፣ ልቡ የደከመ ልጅ በሜዳ ላይ አይወድቅም። ክብደቱ የጎደለ ወይም ሸክሙ ያቃተው ወጣት፣ ሌላ ጉድለት ከሌለበት፣ ስሙ ከመዝገብ እንዳይሰረዝ ሆኖ ሁለተኛ ቀን ቢቆረጥለት፣ መንግሥት ጥሩ ወታደር ያተርፋል። ድርቅ ያከሳው ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ያንን ያህል ችግር በእግሩ አልፎ የመጣ ሰው ጽናቱን አስቀድሞ አስመስክሯል። የጎደለው ጊዜና ማዕድ ብቻ ነው።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ ዛሬ ግማሽ ጀሪካን ያነሣ ክንድ ከወራት በኋላ የቆሰለ ጓደኛውን ያነሣል። ወላጆች ልጆቻቸውን ከማቻኮል ቢታገሡ፣ ወጣቶች ከሚዛኑ ይልቅ ሸክሙን መለኪያ ቢያደርጉ፣ ሹማምንትም ቀኑን ቢያረዝሙ፣ በፈተናው ዕለት በመስመር የሚቆመው ሰው ሙሉ ብቻ ሳይሆን ብርቱ ይሆናል።