ኪስና ትከሻ

እሷ፦ በጥምቀት ጃን ሜዳ የወጣሁት የኪስ ካሜራዬን ብቻ ይዤ ነው። ሕዝቡ መሃል እንደ ልቤ ገባሁ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም።

እሱ፦ ቀን ፀሐይ አለልሽ እህቴ! ሌሊት ማኅሌቱን በጧፍ ብርሃን አንሺ እስቲ።

እሷ፦ አነሳሁ። ጥቁሩ ሁሉ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ።

እሱ፦ ሴንሰሩ ነዋ! በፈረንጆች 2012 የወጡ ሁለት ካሜራዎች ልጥቀስልሽ። የሶኒ አርኤክስ 100 ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፉል ፍሬም የሆነው የካኖን 5ዲ ማርክ 3 ግን 36 በ24። በስፋት ከሰባት እጥፍ በላይ ይበልጣል። የፒክስላቸው ብዛት ግን ተቀራራቢ ነው፤ 20 እና 22 ሚሊዮን ገደማ። ስለዚህ በትልቁ ላይ እያንዳንዷ ፒክስል ሰፊ ናት። ዝናብ ሲጥል ገበቴና ስኒ ደጅ ብታወጪ እኩል ውኃ አይዙም።

እሷ፦ ክብደቱስ? የእኔዋ 240 ግራም ናት። ያንተ ያለ ሌንሱ እንኳ ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው። እናቴ ቡና እየቀዳች ድንገት ስትስቅ፣ ያንን ከቦርሳ እስካወጣ ሳቋ ያልፋል። የምወደው ፎቶዋ የተገኘው ካሜራዋ ኪሴ ውስጥ ስለነበረች ብቻ ነው።

እሱ፦ እሱን አልክድም። እኔ ደግሞ የመሪጌታው ፊት በጧፍ ብርሃን፣ ሽበታቸው አንድ በአንድ እየታየ፣ አለኝ። ለዚያ ሌሊት ትከሻዬ ቢዝል አይቆጨኝም።