ስለ ባዝ ከተማ የጨረቃ ቅርጽ ቤቶች
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



የዚህ በዓል አዘጋጆች ከክፍላችን አንድ ንግግር እንዲቀርብ ባዘዙ ጊዜ፥ ብዙዎቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም እንናገር ብለን ነበር። ነገር ግን ይህን ከኛ ይልቅ እናንተ ስለምታውቁት ተውነው። በዚያው ሰሞን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው የመጀመሪያዋ መማሪያ ቤት ፈርሳ በቦታዋ ቤተ ሙከራ ይሠራ ወይስ ትቆይ የሚል ክርክር በወላጆች ኮሚቴ መነሣቱን ሰማን። እኛም በዚሁ ነገር ለሁለት ተከፈልን። ክርክሩ ቢበረታ ጊዜ የታሪክ መምህራችን፥ «ሌሎች ሰዎች ይህን የመሰለውን ጥያቄ እንዴት እንደ መለሱት አንብባችሁ ኑ» ብለው ስለ ባዝ ከተማ ቤቶች የሚናገሩ መጻሕፍት ሰጡን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ ያገኘነውን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ባዝ በእንግሊዝ አገር በምዕራብ በኩል የምትገኝ፥ በፍል ውሃዋ የታወቀች ከተማ ናት። ስሟ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው ዘመን ከ1936 እስከ 1940 የተቀመጡት በዚህችው ከተማ ነበረ፤ የኖሩበትንም ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት በ1958 ለከተማው አበርክተዋል። ዳሩ ግን ፌርፊልድ ለብቻው የቆመ፥ በኋላ ዘመን የተሠራ ቤት ስለ ሆነ የዛሬው ነገራችን ስለ እርሱ አይደለም። የኛ ነገር ሮያል ክሬሰንት ስለሚባሉት 30 ቤቶች ነው። ክሬሰንት ማለት እንደ አዲስ ጨረቃ የጐበጠ ማለት ሲሆን፥ ንጉሣዊ ማለት የሆነው ሮያል የሚለው ቅጽል ግን የንጉሡ ልጅ የዮርክ መስፍን በዚያ ከተቀመጠ በኋላ የተጨመረ ነው።

ቤቶቹ የተሠሩበት ዘመን የጆርጆች ዘመን ይባላል፤ ከ1714 እስከ 1830 ድረስ ጆርጅ የሚባሉ አራት ነገሥታት ተከታትለው ስለ ነገሡ ነው። ከመካከላችን አንዱ ይህን ስም በሰማ ጊዜ የጆርጂያ አገር መስሎት ቤቶቹን በካውካሰስ ተራራ ካርታ ላይ ሲፈልግ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጅቷል።

የሥራው ነዳፊ ታናሹ ጆን ዉድ ነው። አባቱም ጆን ዉድ የሚባል ሲሆን፥ በዚያው ከተማ ሰርከስ የሚባለውን ክብ አደባባይ ነድፎ ሥራው በተጀመረበት ዓመት በ1754 ስለ ሞተ ልጁ ፈጽሞለታል። ከዚያም ልጁ በ1767 የራሱን ሐሳብ ጀመረ፤ በ1775 ገደማ አለቀ። በሥዕሉ ላይ እንደምናየው 30ው ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው እንደ ማጭድ ጐብጠው ወደ መስክ ይመለከታሉ። ድንጋዩ የማር መልክ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። ምድር ቤቱ ያለ ጌጥ የተተወ ሲሆን፥ ከእርሱ በላይ አናታቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ 114 ዓምዶች ሁለት ፎቅ ያህል ቁመት ይዘው ተሰልፈዋል። በመካከሉ ባለው ቤት ላይ ዓምዶቹ ጥንድ ጥንድ ከመሆናቸው በቀር አንዱ ቤት ከሌላው የሚበልጥበት ምልክት የለም። በፊት ለፊት ያለው መስክም የራሱ ብልሃት አለው፤ ከብት ወደ ቤቶቹ እንዳይቀርብ አጥር በመሥራት ፈንታ በመካከሉ ጉድብ ተቆፍሮለታል፤ ከቤቶቹ ለሚመለከት ሰው ጉድቡ አይታይምና መስኩ ሳይቋረጥ የሚወርድ ይመስለዋል። የጉድቡ ስም «ሃሃ» ይባላል፤ ክፍሉ በሙሉ የሳቀው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የጀርባው ነገር ነው። ዉድ የሠራው ፊቱን ነው። ገዢ ሁሉ ከዚህ ፊት የተወሰነ ርዝመት ይገዛና ከበስተኋላው በገዛ ነዳፊው እንደ ፈቃዱ ቤቱን ይሠራ ነበር። ስለዚህ በመንገዱ በኩል አንድ ቤተ መንግሥት የሚመስለው ሕንጻ፥ በጓሮው በኩል ሲታይ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ያለ፥ አንዱ ወደ ውጭ የተገፋ ሌላው ወደ ውስጥ የገባ ነው። ከፊት ሁለት ቤት የሚመስለውም አንዳንድ ጊዜ በውስጡ አንድ ቤት ሆኖ ይገኛል። አንዳንዶቻችን ይህ ማታለል ነው አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ሰው በአደባባይ ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ በጓሮው እንደ ወደደ ቢኖር ምን ነውር አለው አልን። እስካሁን አልተስማማንም።

በውስጡ ስለ ኖሩት ሰዎች ሳንናገር ብናልፍ ጉድለት ይሆናል። ብዙዎቹ ፍል ውሃውን ለመጠጣትና በጭፈራ ለመሰንበት የመጡ ባለጸጎች ነበሩ። አገልጋዮቹ ከመሬት በታች ባለው ወጥ ቤት ሲሠሩ ውለው ጣሪያው ሥር ባለው ጠባብ ክፍል ያድሩ ነበር። በዚያ ዘመን በአንዳንድ ወጥ ቤት ሥጋ የሚጠበስበትን ብረት የሚያዞረው በመንኮራኩር ውስጥ የሚሮጥ ትንሽ ውሻ ነበር። የገንዘቡም ምንጭ ሁሉ ንጹሕ አልነበረም፤ በዚያው ከተማ ላንስዳውን ክሬሰንት በሚባለው ተመሳሳይ ረድፍ የኖረው ዊልያም ቤክፎርድ ሀብቱን የወረሰው በጃማይካ አፍሪካውያን ባሮች ሲደክሙበት ከነበረው የስኳር እርሻ ነው። እኛ ይህን ካነበብን በኋላ የማር መልክ ያለውን ድንጋይ እንደ ቀድሞው ማየት አልቻልንም።

አሁን ወደ ጥበቃው እንምጣ። በ1942 በሚያዝያ ወር የጀርመን አውሮፕላኖች ባዝን ደበደቡ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከክሬሰንቱም ቁጥር 2 እና ቁጥር 17 ውስጣቸው በእሳት ተበላ። የእንግሊዝ መንግሥት ታሪካዊ ሕንጻዎችን በመዝገብ የሚያስጠብቀውን ሕግ ያወጣው በ1944 እና በ1947 ነው፤ ክሬሰንቱም በ1950 በአንደኛው ደረጃ ተመዘገበ። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው፥ ቤቱ የራሱ ቢሆንም፥ ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ መልኩን ሊለውጠው ወይም ሊያፈርሰው አይችልም። ቁጥር 1 ደግሞ በ1967 በአንድ በጎ አድራጊ ተገዝቶ በ1934 ለተቋቋመው የባዝ ቅርስ ጠባቂ ማኅበር ተሰጠና በ1970 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

ሕጉ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድ ነገር በ1970ዎቹ ደረሰ። በቁጥር 22 የሚኖሩ አንዲት ወይዘሪት እንደ ሌሎቹ ነጭ መሆን የሚገባውን የመንገድ በራቸውን ብጫ ቀለም ቀቡት። የከተማው ምክር ቤት መልሰው ነጭ እንዲቀቡት አዘዘ፤ እርሳቸው እምቢ አሉ። ነገሩ እስከ ሚኒስትሩ ደርሶ በሩ ብጫ እንደ ሆነ እንዲቀር ተፈረደ። በክፍላችን ውስጥ ይህ በር ከ114ቱ ዓምዶች የበለጠ አነጋግሯል።

ነገር ግን ስለ በር ቀለም ይህን ያህል በሚከራከሩበት ዘመን አካባቢ፥ በዚያው ከተማ በዚያው ዘመነ ጆርጅ የተሠሩ የድንጋይ ጠራቢዎች፥ የአናጢዎችና የልብስ ሰፊዎች ቤቶች በረድፍ በረድፍ ይፈርሱ ነበር። ምክንያቱ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፤ ከቤቶቹ ብዙዎቹ እርጥበት የገባባቸውና መታጠቢያ የሌላቸው ስለ ነበሩ ለድኾች የተሻለ ቤት መሥራት ያስፈልጋል ተብሎ ነው። በ1973 አዳም ፈርጉሰን የሚባል ጸሐፊ የባዝ መዘረፍ የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አውጥቶ ነገሩን ለሕዝብ እስኪያጋልጥ ድረስ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ነበር። ከተማዋ በ1987 በዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ እነዚያ ቤቶች ከእንግዲህ የሉም። ክሬሰንቱ የቆመው ታላቅ ስለ ሆነ ነው፤ የትንንሾቹን ሰዎች ቤት ግን የሚቆምለት ዘግይቶ መጣ። እኛ እንደሚመስለን የክሬሰንቱን ድንጋይ ማን ጠረበው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊሄድባቸው የሚገባው እነዚያን የፈረሱትን መንደሮች ነበር።

የኛዋ መማሪያ ቤት ዓምድ የላትም። ድንጋይና ጭቃ፥ ቆርቆሮ ጣሪያ፥ ሁለት መስኮት ናት። ባለፈው ቅዳሜ በገመድ ለክተን በወረቀት ነደፍናት። በስተ ምሥራቅ ባለው ግድግዳ በምስማር የተቀረጹ ስሞችም አገኘን፤ ከነዚህም ውስጥ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጡ አባቶችና እናቶች ስም አለበት። ድምፅ በሰጠን ጊዜ 19 ተማሪዎች ትቆይ፥ 16ቱ ትፍረስ አሉ። 16ቱ፥ ምክንያታችን ሳይነገር እንዳይቀር ብለውናልና እንናገርላቸዋለን፤ የኬሚስትሪ ትምህርታችንን የምንማረው በመመገቢያው አዳራሽ ነው፤ ከኛ በኋላ የሚመጡት ደግሞ ከኛ የበለጡ ይሆናሉ።

የነደፍነው ሥዕል ከስሞቹ ዝርዝር ጋር በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል። ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር ከመሰብሰቡ በፊት አባላቱ መጥተው እንዲያዩት በአክብሮት እንለምናለን። የመማሪያ ቤቷ ቁልፍ ከዘበኛው ዘንድ ይገኛል።