ጣሪያችን ላይ አንድ ዲሽ



አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ስለ ሁለት ሳተላይቶች ላውራና አንድ ነገር ልለምናችሁ።

የተለያዩ አገሮች የሬዲዮ አማተሮች የሠሯት ኦስካር 7 እ.ኤ.አ. በ1974 መጠቀች። በ1981 ባትሪዋ ሾርት አደረገና ዝም አለች፤ ሁሉም ሞታለች ብሎ ተዋት። በ2002 ግን ድምፅዋ እንደገና ተሰማ! ሾርት ያደረገው ባትሪ ውስጡ ተበጥሶ ስለተለያየ የፀሐይ ፓነሎቹ በቀጥታ ኃይል ይሰጧት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሲያገኛት ትነቃለች፣ የምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ ትተኛለች።

በእሷ መነጋገር ግን ሩጫ ነው። 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለምትበር ከአንድ ቦታ የምትታየው ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ዶፕለር ፍሪኩዌንሲውን ያንሸራትተዋል። እኛ ዶፕለርን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተምረን ፈተናውን አለፍን እንጂ በጆሯችን ሰምተነው አናውቅም፤ አይደል?

በ2018 ኳታር ያስመጠቀቻት ኤስሃይል 2 የቴሌቪዥን ሳተላይት ብትሆንም የአማተሮችን መሣሪያ ይዛ ወጣች። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ታያለች። እኔ ጀርመን ካለው ቤቴ በረንዳ በጥቂት ዋት ከብራዚል ሰዎች ጋር አወራለሁ። የራሴ ድምፅ ከሩብ ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ይመጣብኛል፤ ለጀማሪ ምላስ ያስራል። አገሬን ስነግራቸው ወዲያው የሚጠይቁኝ «ከኢትዮጵያ መቼ ነው የምንሰማው?» ብለው ነው።

አገራችን ለአማተር ሬዲዮ እንግዳ አይደለችም፤ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ኢቲ 3 ኤኤ የሚባል የክበብ ጣቢያ አለ። ሳተላይቷም የቆመችው 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ፣ የዓረብሳት ባድር ሳተላይቶች ካሉበት ጎን ነው። ስለዚህ ባድርን ለማየት የተተከለ የሰፈር ዲሽ ሁሉ ሳያውቀው ወደ እሷ ዞሯል። ከአዲስ አበባ ሲታይ በደቡብ ምዕራብ በኩል 72 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ፎቅም እምብዛም አይጋርዳትም። ለመስማት ዲሽ፣ ፍሪኩዌንሲው የማይዋዥቅ ኤል ኤን ቢ፣ ትንሽ መቀበያና ላፕቶፕ ይበቃል። ለማስተላለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ልመናዬ ይኸው ነው። ውጭ ያለነው የባቹ ልጆች መሣሪያውን እናመጣለን፤ የማስተላለፊያውን ወጪ እኔ ችያለሁ። ከፋኩልቲው የምንፈልገው አንድ ክፍል፣ የፈቃዱን ጉዳይ የሚከታተል አንድ መምህርና የጣሪያውን በር ቁልፍ ነው። «እናስብበታለን» የሚለውን መልስ ካሁን በፊት ሰምተናል፤ ዛሬ ስም ብትሰጡን ደስ ይለኛል።

ከሻይ በኋላ ጣሪያውን ማየት የሚፈልግ ካለ ደረጃው ጋ እጠብቃለሁ። ለመሆኑ ቁልፉ አሁን ማን ጋ ነው?